የጎረቤቴ በርሜል

በሞምፖክስ ከተማ፣ ከማግዳሌና ዳር፣
ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ስንኖር፣
እኔና ዶሚቲላ፣ ብር አንጣሪዋ፣
ከቀጭን የብር ክር አበባ ፈታይዋ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳንጣላ
አንድ የጎማ በርሜል አጣላን በኋላ።

በርሜል ስል እንዳትሳቱ፤ የውሃ አይደለም፤
ከሕፃን ጭንቅላት እምብዛም አይበልጥም።
በሁለት ዘንግ ላይ ተጋድሞ ይዞራል፣
ሲመሽ ይጀምራል፣ ሲነጋ ያቆማል፣
ሺህ የብረት ፍሬ በሆዱ አጭቆ፣
አንዱ እንደ ማሽላ፣ አንዱ እንደ መርፌ ጫፍ ደቅቆ።
ሽሽሽ… ቋ… ሽሽሽ…
ጠጠር ከውሃ ጋር እንደሚያኝክ በቅሎ
ሌሊቱን ይፈጨዋል፣ እንቅልፌን ጠቅልሎ።

እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ ድሮ፤
ስንቱን ፒስተን ሰምቷል ይሄ የኔ ጆሮ!
አርባ ዓመት ከሞተር ጎን አንጥፌ የተኛሁ
ከጡረታ በኋላ ለሹክሹክታ ነቃሁ።

ግድግዳውን በከዘራ ደበደብኩ፤
"ዶሚቲላ! ኧረ ለነፍስሽ!" አልኩ።
እሷም ከወዲያ ማዶ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣
"ሁለት ሰዓት ቀረው፣ ዶን ኤውሴቢዮ፣ እንዲያብለጨልጥ።"
ሁለቱ ሰዓት ግን እንደ ሰነፍ ጀልባ
ከወደብ ሳይነሳ ፀሐይ በመስኮት ገባ።

አባቷ ኒካኖር እንዲህ አልነበረም፤
ከሱ ቤት ከሳል በቀር የሚሰማ የለም።
በለሰለሰ ድንጋይ፣ እየተጫነ በእጁ፣
አንዷን ቀለበት ሲያሽ ይውል ነበር ከደጁ፣
አውራ ጣቱ አልቆ፣ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ፤
ስንገንዘው ዐይኔ ቀረ እዚያ ጣት ላይ ሄዶ።

"ያባትሽ እጅ አይሻልም?" አልኳት አንድ ማለዳ።
"ይሻላል፤ ይዞት ሄደ። ለኔ የቀረኝ ዕዳ፣
ለዓርብ የታዘዘ ስልሳ ጥንድ ጉትቻ፣
እና ይኼ ያበጠ አንጓ ነው ብቻ።"

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ
ድንገት ቆመ።
እፎይ አልኩ፤ ትራሴን ገለበጥኩ፤
ጎኔን ቀየርኩ።
ትንኝ ሰማሁ። ከወንዙ ማዶ የሚያላዝን ውሻ።
የራሴን ልብ ሰማሁ፣ ምት እየዘለለ እንደ አሮጌ ናፍጣ፤
እንቅልፍ ግን አልመጣ።

ሞተረኛ ነኝ፤ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤
ወንዝ መሃል ሞተር ሲጠፋ የሚከተለውን አይቻለሁ።
በቁምጣዬ ተነስቼ፣ ባትሪ ይዤ ሄድኩኝ፤
ሳላንኳኳ ከፈተች፤ ዐይኗ ቀልቶ አየችኝ።
"ችንጋው ተበጠሰ፤ ቀጠሮው ነገ ነው።"
አነሳሁት፤ እንደ እባብ ሌጦ ነው የደረቀው።
ከሣጥኔ አመጣሁላት የኔን ዓይነት ቀለበት፣
የፓምፕ ጎማ፣ ከድሮ ጀልባዬ የቀረኝ ንብረት።

ከማስነሳታችን በፊት ክዳኑን ከፈተች፤
ውሃው ከሰል መስሎ፣ አረፋው ግራጫ፤
ይኼ ነው እንዴ የብርሃን መውጫ?
እጇን እስከ አንጓዋ አጥልቃ
አንዷን ጉትቻ አወጣች፣ ከብረቱ ፍሬ ነጥቃ።
ቀጭን ነበረች፣ የሸረሪት ድር፣
ማንጠልጠያዋን ብጫነው ግን እንቢ አለ፣ እንደ ምስማር።

"ትናንት ሰም ነበረች፣ ጣት ሲነካት የምትታጠፍ፤
ማብረቅረቁ ትርፍ ነው፤ እኔ የምሻው ይኼን መገረፍ።
ሺህ ትንንሽ ቡጢ፤ አንዱ ብቻውን አይጎዳት፣
ሲደመር ግን ቀጥ ብሎ መቆም አስተማራት።"
"ዕንቁስ?" አልኳት።
"ዕንቁማ አልከትም፤
ሁሉ ነገር ይህን አይችልም።"
ሚስቴን ኦቲሊያን አሰብኩ፤ ለምን እንደሁ አልናገርም።

አስነሳነው። ጎማዬ ሲጥ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ያዘ፤
በርሜሉም ጥቂት አጉረምርሞ መፍጨቱን ተያያዘ።

ተመለስኩ። ከዘራዬን ከግድግዳው አራቅሁ፤
ሽሽሽ… ቋ…
ስንተኛው "ቋ" ላይ እንደሆን አላወቅሁ።

ጧት ደጄ ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ በሰሃን፣ ያለ ጨው፤
ሴትዮዋ ብር ነው የምታውቀው።
በላሁት እንጂ፣ ምን አባቴ ላርገው።